ጥቁር ከጥቁር ጋር

በ1993 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለባለቤቴ ኮምፒዩተር ላከችላት። አዲስ አይደለም፤ እህቴ የምትሠራበት ቢሮ አዲስ ሲገዛ ያስወገደው ነው። "ያስወገደው" የምለው አሁን ነው እንጂ፣ ያኔስ ሳጥኑ ከታክሲ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበለው። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ በቅነሳ ወጥታ ነበር። በተሰጣት ገንዘብ ፍርድ ቤት አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ የሦስት ወር ኪራይ ቀድማ ከፈለች፤ "የኮምፒዩተር ጽሑፍ፣ ውልና ማመልከቻ እናዘጋጃለን" የሚል ታፔላ አስጻፈች። የቀራት ነገር ቢኖር ኮምፒዩተሩ ነበር።

እኔ ደግሞ የቤቱ ሊቅ ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጸሐፊዋ በስተጀርባ ቆሜ ስትጽፍ አይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? መሰኪያው ከእኛ ሶኬት ጋር አልገጥም ሲል መቀየሪያ ገዛሁ። ሁሉንም ገመድ በየቦታው ሰካሁ። ቤተሰቡን ሰበሰብኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ጧ!

ከሳጥኑ ጀርባ ጭስ ወጣ፤ የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የቆጣሪው ቫልቮላም ተቃጥሎ ጨለማ ውስጥ ቀረን። ማንም ምንም አልተናገረም። ባለቤቴ ያን ቀን የተናገረችኝን ባትናገር ይሻል ነበር ብዬ ማማረር እችል ነበር፤ የከፋው ግን ዝም ማለቷ ነው።

በማግሥቱ ሳጥኑን ታቅፌ አንድ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። መርካቶ፣ ሬዲዮና ቴፕ ከሚጠግኑት መሐል የተቀመጠ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ነው። ካቻቪቴውን አነሳና አራት ብሎን ፈታ፤ ክዳኑን እንደ ድስት ክዳን አነሳው። ከዚያ ሳጥኑን አዙሮ ጀርባው ላይ ያለች ጣት የማታክል ቀይ ነገር አሳየኝ። "ጋሼ፣ ይቺን አላዩአትም?" 115 ይላል። ወደ ጎን ሲገፋት 230 አለች። የአሜሪካ ቤት የሚሠራው በ120 ቮልት፣ የእኛ በ220 ነው። ቀይዋን ማብሪያ ሳልነካ የሰካሁት እኔ፣ ለአንዱ የተሠራውን ዕቃ ሁለት ሰው አሸክሜው ነበር።

"ማዘርቦርዱስ?" አልኩት፤ ስሙን ከእሱ አፍ ነበር ያኔ የሰማሁት።

"እንጃ፤ ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን ሞቶለት ይሆናል።" ከኋላው ካለው የሞቱ ኮምፒዩተሮች ክምር ውስጥ እጁን ሰዶ አንድ ብርማ ሳጥን አወጣ። ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው ፋብሪካ እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ከሳጥኑ ከሚወጡት ገመዶች መሐል ሁለት ነጫጭ መሰኪያዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ቀዳዳ ያላቸው። ጎን ለጎን ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካሉ። ቦታ ብታለዋውጣቸውም ይገባሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። "ጥቁር ከጥቁር ጋር" አለ ልጁ፣ የሁለቱን መሰኪያ ጥቁር ሽቦዎች መሐል ላይ እያጎራበተ። "ይኼን የረሳ ሰው ማዘርቦርዱን ቀበረ ማለት ነው።" ሰካ። ቁልፉን ተጫነ። ጢጥ አለ፤ በራ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአእምሮዬ ሲመላለስ የኖረው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ወይም ጭሱ አይደለም። ለምን ገጠመ? የፊያት ካርቡራተር ለቮልስ አይሆንም። የአንዱ ፋብሪካ የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ታዲያ አንድ አሜሪካዊ ቢሮ የጣለው ኮምፒዩተርና መርካቶ ክምር ውስጥ የተገኘ፣ ዘሩ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ እንዴት አባትና ልጅ ሆኑ?

መልሱን ሳገላብጥ የደረስኩት እ.ኤ.አ. 1981 ላይ ነው። (ከዚህ በታች የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ ዓመት እጽፋለሁ፤ የቤታችንን በእኛው።)

ከዚያ በፊትም ኮምፒዩተር የሚጎረጉሩ ሰዎች ነበሩ። በጥር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት አልቴር 8800 የተባለ ዕቃ በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ያለ ኤምአይቲኤስ የተባለ ትንሽ ድርጅት በ400 ዶላር ገደማ በፖስታ የሚልከው የተበታተነ ዕቃ ነው፤ ገዢው ራሱ በየዳ ገጣጥሞ ይሠራዋል። ስክሪን የለው፣ የፊደል ገበታ የለው፤ ፊቱ ላይ በተደረደሩ ማብሪያዎች ቁጥር እየነገሩት በሚበሩና በሚጠፉ መብራቶች ይመልሳል። ሆኖም ሰው ተሻማበት። በመጋቢት 1975 ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስለዚሁ ዕቃ ለመነጋገር የተሰበሰቡት ሰዎች ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር።

ይኸው ዎዝኒያክ በ1977 አፕል ቱ የተባለውን ሲሠራ ከባልንጀራው ከስቲቭ ጆብስ ጋር ተጣላ። ጆብስ ለተጨማሪ ካርድ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል ሲል፣ ዎዝኒያክ ስምንት ካልሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ፈልግ አለው። ስምንት ሆነ። ጆብስ ግን ነገሩን አልረሳም፤ በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ አንድም የካርድ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ለመክፈትም ተራ ካቻቪቴ የማይነካው፣ ረጅምና ኮከብ ጫፍ ያለው መፍቻ ያስፈልግ ነበር። የሁለቱ ስቲቮች ነገር ዛሬም አልተፈታም ማለት ይቻላል፤ ዛሬ በየሱቁ የምናየው ክርክር ያው የእነሱ ነው።

የመርካቶውን ክምር የፈጠረው ግን ከሁለቱም አንዱ አይደለም። አይቢኤም ነው።

አይቢኤም ያኔ በኮምፒዩተር ዓለም እንደ ንጉሥ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደግሞ ሁሉን ነገር ራሱ ይሠራል፤ ሁሉም ነገር ዓመታት ይፈጃል። የአፕል ገበያ ሲደራ ግን ጊዜ አጠረው። ፍሎሪዳ፣ ቦካ ራቶን ላለ ትንሽ ቡድን አንድ ዓመት ያህል ተሰጠው። በአንድ ዓመት ሁሉን ነገር ራስ መሥራት ስለማይቻል ቡድኑ ዘንቢል ይዞ ገበያ ወጣ። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ የፍሎፒ መክፈቻውን ከታንደን፣ ፕሪንተሩን ከኤፕሰን፣ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ነሐሴ 12 ቀን 1981 ኮምፒዩተሩ ይፋ ሆነ። የመነሻ ዋጋው 1565 ዶላር፣ የማስታወስ ችሎታው 16 ኪሎባይት፣ የካርድ ቀዳዳው አምስት።

ይህ ብቻ አይደለም። ሌሎች ድርጅቶች ካርድ እንዲሠሩለት ስለፈለገ የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍ በሙሉ፣ የትኛው እግር ምን እንደሚሠራ ሳይቀር፣ በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። የፓወር ሰፕላዩም መሰኪያዎች እዚያው ተሥለዋል፤ ሁለት ባለስድስት መሰኪያ፣ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሐል ላይ። መርካቶ ያለው ልጅ ሃያ ዓመት ቆይቶ በቃሉ የሚያውቀው ሕግ ከዚያ የመጣ ነው። መጽሐፉን አላየውም፤ ያሳየውንም ሰው የሚያሳየው ሌላ ሰው ነበር።

ደግነት እንዳይመስላችሁ። ጥድፊያ ነው። አይቢኤም ለራሱ ያስቀረው አንድ መቆለፊያ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ባዮስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም። ይህንንም በመጽሐፉ ውስጥ መስመር በመስመር አትሞታል፤ ብልጠት ነው፣ የታተመውን የገለበጠ ሰው በቅጂ መብት ይከሰሳል። ሕጉ የሚከለክለው ግን ጽሑፉን መገልበጥ እንጂ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ጽሑፍ መጻፍን አይደለም። በየካቲት 1982 ሂዩስተን ውስጥ ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የወጡ ሦስት ሰዎች ኮምፓክን አቋቋሙ። ኮምፓክ ሠራተኞቹን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን የአይቢኤምን ባዮስ አንብቦ ምን ምን እንደሚሠራ ብቻ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ወገን፣ ጽሑፉን አንድም ቀን አይቶ የማያውቀው፣ ያንን መግለጫ ይዞ ከባዶ ይጽፋል። አንዷ ባለሙያ የሰው ቤት ዶሮ ወጥ ቀምሳ ያለበትን ቅመም ስትናገር፣ ሌላዋ ሳትቀምስ በወሬ ብቻ ያንኑ ወጥ እንደመሥራት ነው። ሠሩትም። እንደ ሻንጣ የሚያዝ (13 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሻንጣ!) ኮምፒዩተራቸውን በ1983 ለገበያ አወጡና በመጀመሪያው ዓመት የ111 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አገኙ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለ ድርጅት በዚሁ ዘዴ የጻፈውን ባዮስ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። በቃ፤ ቁልፉ በየሱቁ ተሸጠ። ታይፔ ያሉ ፋብሪካዎች ማዘርቦርድ እንደ እንጀራ ማውጣት ጀመሩ። እኛ አዲስ አበባ ላይ "ብራንድ ነው ክሎን?" እያልን የምንጠያየቀው የዚያ ልጅ ልጅ ነው። ክሎን ማለት መናቂያ ቃል ይመስለን ነበር፤ ለነገሩ ሻጩም ሲናገረው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

አይቢኤም የከፈተውን በር ሊዘጋ ሞክሯል። በ1987 ፒኤስ/2 የተባለውን አወጣ፤ የካርድ ቀዳዳው አዲስ፣ በፓተንት የታጠረ፣ ሊሠራ የፈለገ የሚከፍልበት። ዘጠኝ ተፎካካሪዎች በኮምፓክ መሪነት በ1988 ተሰብስበው የራሳቸውን አወጡ፤ ገበያውም አይቢኤምን አልተከተለም። ከፒኤስ/2 ለእኛ የተረፈን እነዚያ የኪቦርድና የማውስ ክብ መሰኪያዎች ናቸው፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ሆነው ብዙ ዓመት ስሙን ተሸክመው ኖሩ። አይቢኤም ራሱ የግል ኮምፒዩተር ሥራውን በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ወጣ።

ወደ ባለቤቴ ክፍል ልመለስ። ጽሕፈት ቤቱ ተከፈተ። ውል፣ የክስ አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ አንዳንዴም የፍቅር ደብዳቤ (ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ አልጠየቀችም)። ኮምፒዩተሯ ፔንቲየም 133፣ ራሟ 16 ሜጋባይት ነበር፤ አማርኛ መጻፊያውን ከዊንዶውስ ጋር ስንከፍትባት ትተነፍሳለች። ልጁ ራም እንጨምር አለ። የዚያን ጊዜ ራም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚገባው፤ አንዱ ብቻውን አይሠራም፣ እንደ በሬ ይጠመዳል። ጥንዱን አሮጌ ገዛን፤ 32 ሆነች። አንድ ጠዋት አልነሳም ብላ ስትጮህ ባለቤቴ እየሮጠች ልጁ ዘንድ ደረሰች። እሱ ራሙን ነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ አሸት አሸት አደረገና መልሶ ሰካው። ተነሳች። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ላጲስ ከመሳቢያዋ አልጠፋም፤ እኔን ሳታስቸግር እሷው ትከፍታታለች። (ሳጥኑን በሙሉ "ሲፒዩ" የምንለው እኛ ነን እንጂ ሲፒዩ ውስጧ ያለችው አንዲት ቺፕ ናት። ይህን ለባለቤቴ ያስረዳሁ ዕለት "ታዲያ አንተ ያቃጠልከው የቱን ነበር?" አለችኝ።)

በ1995 ዓ.ም. ልጁ አንድ አሮጌ ሴሌሮን ይዞ መጣ። ይህችን ፕሮሰሰር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ኢንቴል በ1998 ያወጣት ሴሌሮን 300ኤ ርካሽ ተብላ የተሸጠች ናት፤ በ66 ሜጋኸርዝ በሚሠራ መስመር ላይ እያንዳንዱን ምት በ4.5 ታባዛለች፣ 300 ትሆናለች። መስመሩን ወደ 100 ከፍ ያደረጋት ሰው ግን 450 ያገኛል፤ በጣም ብዙዎቹም ያለ ምንም ማጉረምረም ይሠሩ ነበር። በዓለም ዙሪያ የኮምፒዩተር ጎርጓሪ ሁሉ ተረባረበባት፤ ውድ ከሚባሉት ጋር እኩል ትሮጥ ነበራ! ልጁም መቼቱን ለወጠ፣ በራች፣ አልሞቀችም። ሳቅ ብሎ "ፈረስ ናት፣ በአህያ ዋጋ የገዛናት" አለን። ሴሌሮኗ ስትገባ ግን አዲሱ ማዘርቦርድ ለአሮጌው ኬዝ አልሆን ብሎ ኬዙም ተቀየረ። ኢንቴል በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው አሠራር መሠረት ሁለቱ መሰኪያዎች አንድ ሆነዋል፤ ተገልብጦ አይገባም። "ጥቁር ከጥቁር ጋር" የሚለው ጥበብ በዚያው ጡረታ ወጣ። ጥሩ ነገር ነው መባል አለበት፤ ግን ልጁ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

ቀጥሎ የገዛነው ማዘርቦርድ በሦስት ዓመቱ ታመመ። በየደቂቃው ይጠፋል። ልጁ ክዳኑን አንስቶ በጣቱ አሳየን፤ ቆመው የተደረደሩት ትንንሽ በርሜሎች፣ ካፓሲተሮቹ፣ አናታቸው እንደ ዳቦ አብጧል፣ አንዱም ቡናማ ነገር ተፍቷል። የእኛ ብቻ አልነበረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ቅመሙ የጎደለ ካፓሲተሮች ከታይዋን ወጥተው በዓለም ሁሉ ማዘርቦርድ እየፈነዳ ነበር፤ ታላላቅ ኩባንያዎች ቦርዱን እየጣሉ በአዲስ ቀየሩ። ልጁ ግን ስድስት ካፓሲተር ነቅሎ ከሞተ ማዘርቦርድ ላይ ባወጣቸው ስድስት ተካ። ያቺ ማሽን እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሠርታለች። እህቴ ከላከችው የቀረ ነገር ቢኖር አንድ የኤሌክትሪክ ገመድና ጥቂት ብሎኖች ነበሩ። ባለቤቴ ግን እስከ መጨረሻው "የእህትህ ኮምፒዩተር" ትላት ነበር። ሁለት ልጆች በእሷ ተምረዋል።

ይህን ሁሉ እንዳስታውስ ያደረገኝ የታናሿ ልጄ ላፕቶፕ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመመረቂያ ሥራዋን ልታስረክብ ወር ሲቀራት ላፕቶፑ ጠቆረ። ቀጭን፣ ውድ፣ በስጦታ የተሰጣት ነው። "አይዞሽ" አልኳት፤ ሰው አለኝ። ልጁ ዘንድ ሄድን፤ "ልጁ" እላለሁ እንጂ ራሱ ሸብቷል፣ የራሱ ሱቅ አለው፣ ሁለት ተለማማጆችም አሉት። ጀርባውን ከፈተ፤ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

"ጋሼ፣ ራሙ ተበይዷል።"

"ሃርድ ዲስኩስ?"

"እሱም።"

ያ ቃል እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በቀድሞው ሳጥን ማዘርቦርዱ ቢሞት ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ላይ መሰካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እዚህ ግን ራሙ ሲሞት ቦርዱ ይሞታል፤ ቦርዱ ሲሞት የልጄ የአንድ ዓመት ሥራ አብሮ ተዘግቶ ይቀራል። ግማሹን በፍላሽ ገልብጣው ነበር። ሌላውን ግማሽ ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየተቀመጠች እንደገና ሠራችው። እኔ ሻይ ከማፍላት በቀር የረዳኋት ነገር የለም።

አምራቾቹ ምክንያት የላቸውም አልልም። ለፕሮሰሰሩ ቀርቦ የተበየደ ማስታወሻ ይፈጥናል፣ ባትሪም ይቆጥባል፣ ማሽኑንም ያሳሳል። አፕል በ2012 ያወጣው ባለሬቲና ማክቡክ ፕሮ ራሙ ተበይዶ፣ ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ መጣ፤ ጠጋኞች ቢጮሁም ገዢው ወደደው፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ተቃራኒውን የሚሞክሩም አሉ። ፍሬምወርክ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ባለቤቱ ራሱ በካቻቪቴ ፈትቶ የሚገጥመው ላፕቶፕ ከ2021 ጀምሮ ይሸጣል። ግን ይኸው ድርጅት በ2025 ያስተዋወቀው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ ፕሮሰሰሩ ካልሆነ አይሆንልኝም ስላለው፣ ራሙ የተበየደ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 አምራቾች አንዳንድ ዕቃዎችን ከዋስትና ጊዜ በኋላም እንዲጠግኑ የሚያስገድድ መመሪያ አጽድቋል። የእኛ ጠጋኝ ይህን ስነግረው ጥሩ ነው አለና ቀጥሎ የጠየቀኝ ንድፉን ያሳትሙታል ወይ ብሎ ነው። አይቢኤምን አላነሳሁበትም፤ ጥያቄው ግን እዚያው ቦካ ራቶን የሚወስድ ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሥራ ይዛ ሌላ ላፕቶፕ ልትገዛ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ጠጋኛችን ዘንድ ደወልኩ። "ስሙን ተዉት" አለኝ፤ "ገልብጠው ይዩት። ብሎኑ የታወቀ ዓይነት ከሆነ፣ ከዚያ ራሙ ይነቀላል ወይ ብለው ይጠይቁ።" እሷ ቀጭኑን ነው የወደደችው፤ እኔ ደግሞ ከቢሮ የወጣ፣ አሮጌ፣ ወፍራም ቢጤ አየሁና ዓይኔ ቀረ። ሁለቱን በተራ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ አነሳሁ፤ ገለበጥኩና መነጽሬን አድርጌ ብሎኖቹን መቁጠር ጀመርኩ። ሻጩ ልጅ ትንሽ ታገሠኝ፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ በትሕትና፣

"ጋሼ፣ ስክሪኑ እኮ በዚህ በኩል ነው" አለኝ።